በገዛ ቤቴ ተከራይ

በግቢው መሃል በተወጠረው ገመድ ላይ የወታደር ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ ሳይ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋ ነበር። ግቢው የኔ ነው፤ ገመዱንም ከገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ያ ልብስ ደርቆ ባለቤቱ እስኪያነሳው ድረስ ከክፍሌ አልወጣም። የውሃው እንስራ የሚቀመጠው ከገመዱ ሥር ስለሆነ ጥሜን ይዤ እቀመጣለሁ። የገዳሪፍን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ፈሪ እንደሆንሁ ከዚህ ይረዳል።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋው። ከመተማ በኩል ተሻግሬ ገዳሪፍ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሊጥ ገበያው ዳር፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስሸጥ ኖርሁ። ሻይ የምትሸጥ ሴት የሁሉን ወሬ ትሰማለች፤ እሷን ግን ልብ ብሎ የሚያያት የለም፣ እኔም ይህን እወድደው ነበር። ጦርነቱ ወደኛ አቅጣጫ ሲገፋ ሰዉ ቤቱን በርካሽ እየሸጠ ወደ ግብፅ መሄድ ጀመረ። ከደንበኞቼ አንዱ የጆንያ ነጋዴ፣ ሦስት ክፍል ያለው ግቢ እንዳለውና ቶሎ የሚገዛ ሰው እንዳፈላልግለት ነገረኝ። አፈላለግሁለት፤ የተገኘችው ሰው እኔው ነበርሁ። ሁሉም ሲሸሽ አንቺ ቤት የገዛሽው ምን ነክቶሽ ነው የሚል ካለ፣ የምሸሽበት ስለሌለኝ ነው።

እዚህ አገር መሬት በባዕድ ሰው ስም አይጻፍም። የስደተኛ መታወቂያዬም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ለማሳደስ ቢሮ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ከሻ አለ። ከሻ የሚሉት አፈሳውን ነው፤ መኪናው ገበያ መሃል ድንገት ይቆምና ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሁሉ ጭኖ ይሄዳል። የተጫነው አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ድንበር ላይ ይጣላል፣ የአንዳንዱ ወሬ አይሰማም። ስለዚህ ቤቱን በሐጃ ስም ገዛሁት።

ሐጃ ከሰል የምትሸጥልኝ አሮጊት ነበረች። መካ ሄዳ አታውቅም፤ በሱዳን ያረጀች ሴት ሁሉ ሐጃ ነው የምትባለው። ወባ ሲጥለኝ ሾርባ ያጠጣችኝ እሷ ናት፣ እሷን ካላመንሁ ማንን ላምን? ለማንም እንዳትነግር፣ ለልጇም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል አስማልኋት። እኔ እየሳቅሁ ነበር የጠየቅኋት። እሷ ግን ሳትስቅ እጇን አንስታ ማለች።

ሽያጩ የተፈጸመው በግቢው ውስጥ ነው። ሻጩ፣ ሐጃና የሰፈሩ ምስክሮች በገመድ አልጋዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ ገንዘቡ ከሐጃ እጅ ወደ ሻጩ እጅ አለፈ፤ ከዚያ ሁሉም መዳፋቸውን ዘርግተው ፋትሓ የሚሉትን ጸሎት አደረሱ። እንዲህ ከሆነ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ ማንም አይመልሰውም። እኔ ማድቤት ውስጥ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ። ሻዩን ያፈላሁላቸው እኔ ነኝ። ሻዬን ጠጥተው፣ ስኳሩ በረከተ ብለው አመስግነው፣ ለሐጃ መሰከሩ።

ግቢው የተሸጠልኝ ከነተከራዮቹ ነው። በአንዱ ክፍል ከካርቱም የተፈናቀለ መምህር ከሚስቱና ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። ጦርነቱ ሲጀመር ደመወዙ ተቋርጧል። በሌላው አንድ ወታደር ብቻውን አለ። አንዳንዴ ለብዙ ቀን ይጠፋል፤ ሲመለስ ልብሱን ራሱ አጥቦ ያሰጣና በግቢው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የሁለቱም ኪራይ ወደኋላ ቀርቷል። ሻጩ ይህን ለሐጃ ነግሯት፣ ሐጃ ደግሞ ለኔ ነገረችኝ። እኔ በበሩ አጠገብ ባለችው ባዶ ክፍል ገባሁና ለጎረቤቶቼ እንዲህ አልሁ፦ «እኔም እንደናንተ ተከራይ ነኝ። ሐጃ ስላረጀች ኪራዩን ሰብስበሽ አምጪልኝ ብላኛለች።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኔ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቁርበቱ የራሴ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ወሩ አልቆ ኪራይ ስጠይቅ የመምህሩ ሚስት ወደ ክፍሌ መጣች። ትልቅ ሳህን ዐሲዳ፣ የነሱን ገንፎ፣ ይዛለች። ባዶ እጇን መጥታ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኛም የለንም፣ አንቺም ሻይ ሸጠሽ ነው የምታድሪው» አለችኝ። «ሦስታችን አንድ ሆነን አንከፍልም ካልን ያቺ አሮጊት ምን ታመጣለች?»

«ምንም አታመጣም» አልሁ።

«ጨካኝ ናት ወይ?»

«ትንሽ ጨከን ትላለች።»

እንዲህ ብዬ የሷን ዐሲዳ እየበላሁ ራሴን አማሁ። ሴትዮዋ ለሐጃ ቅርብ ስለሆንሽ አንቺው ሄደሽ ተናገሪልን አለችኝ፣ እሺ አልሁ። በማግስቱ ገበያውን ዞሬ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስሁና «ሐጃ እስከ ሰሊጥ አጨዳ ትታገሣችኋለች» አልኋት። የመምህሩ እናት ይህን ስትሰማ ከአልጋዋ ቀና ብላ ሐጃን መረቀቻት፣ ዕድሜ ይስጣት አለች። ያን ምርቃት ለራሴ ብወስደው ደስ ባለኝ፤ ግን በማን ስም ልቀበለው?

የመምህሩ ነገር እንዲህ አለቀልኝ። ወታደሩ ግን ሌላ ነው። በተመለሰ ቁጥር ነገ እጠይቀዋለሁ እያልሁ ስንት ነገ አለፈ። አንድ ቀን በረታሁና ቀረብሁት። ከዛፉ ሥር አልጋው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ሶል በወፍራም መርፌ ይሰፋል።

«ጀናቦ» አልሁ፣ ጌታዬ እንደማለት ነው፣ ሁሉም እንደሚጠራው። «ሐጃ ስለ ኢጃሩ ጠይቂልኝ ብላ ነበር።»

መርፌውን አቆመ። «ሐጃ የት ነው የምትኖረው?»

«እዚሁ ቅርብ ነው።»

«እዚህ ስትመጣ አይቻት አላውቅም» አለ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንቺ መታወቂያሽ የታደሰ ነው?»

«ቤት ውስጥ አለ» አልሁት። ውሸት አይደለም፣ ከፍራሼ ሥር አለ፤ የታደሰ ግን አይደለም። እሱ መልሶ መስፋት ጀመረ። ኪራይ ልጠይቅ ሄጄ ነፍሴን ይዤ ተመለስሁ፤ ከዚያ ወዲህ ኢጃር የሚል ቃል እሱ ባለበት ከአፌ አልወጣም። ቤት ሳልገዛ የምፈራው መንገዱን ብቻ ነበር። ከገዛሁ በኋላ በሬን ዘግቼም እፈራለሁ።

ክረምት ሲቃረብ ሌላ ጭንቀት መጣ። የገዳሪፍ ዝናብ ሲጀምር አይቀልድም፣ የኛ ጣራ ደግሞ የጭቃ ነው። ሙቀቱ ሰነጣጥቆታል። እንደዚህ ያለ ጣራ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ካልተመረገ ቀልጦ ይወርዳል። የሚመረገው በዝባላ ነው፤ የከብት እበትና የአህያ ፋንድያ ከጭቃ ጋር ተለውሶ፣ ውሃ እየጠጣ ቀናት ይሰነብታል። ሲቦካ ሽታው ሰፈር ያውካል። የመምህሩ እናት አፍንጫዋን በልብሷ ጫፍ ይዛ ሐጃን ረገመቻት። ምርቃቱም እርግማኑም ለሐጃ ሆነ።

ሁለት ሠራተኞች ቀጠርሁ። ገንዘቡን ሐጃ ላከችው አልሁ። ሰዎቹ ጣራው ላይ ሲወጡ ግን ፍርሃቴን ሁሉ ረሳሁት። አንገቴን አቅንቼ ከታች እየዞርሁ «እዚያ ጨምሩ፣ ማዕዘኑ ሳስቷል፣ አሸንዳውን አትድፈኑት» እላለሁ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ አስመረግሁ፤ እጄን አጣጥፌ መቆም አቅቶኝ እኔም ዝባላውን በባልዲ አቀበልሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኛል። እናቴ ቤቷን ስትመርግ እንዲህ ነበር የሚያደርጋት፣ ልጆቹን ሁሉ እየተቆጣች፣ ፊቷ ግን እየበራ። ዞር ስል ወታደሩ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያይ አላወቅሁም፣ ባልዲውን አስቀምጬ ክፍሌ ገባሁ።

ክረምቱ መሃል ላይ ሐጃን ትኩሳት ያዛት። ቶሎ ሄደች። ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ሰዉ ይቺ ሐበሻ እንዴት ትወዳት ነበር እያለ አለቀሰልኝ። እወዳት ነበር፣ እውነት ነው። ግን ግማሹ ዕንባ ለሷ፣ ግማሹ ለራሴ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የሚወርሰውን ሰው ገና አላየሁትም እንጂ እንደሚመጣ አውቄዋለሁ።

መጣ። የሐጃ ልጅ ነው፣ ከኒው ሀልፋ፤ እዚያ የሸንኮራ እርሻ ላይ ይሠራል። ክፉ ሰው ቢሆን እጠላው ነበር። ንጹሕ ጀላቢያ የለበሰ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው ነው። የሰፈሩን ሼኽ ይዞ መጥቶ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበን። ከእናቱ ሣጥን ያገኘውን የቤቱን ወረቀት በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቤት እንደገዛች አንድም ቀን አልነገረችኝም አለ፣ ሲናገር ደንቆታል። እኔ ነኝ ያስማልኋት። ሴትዮዋ መሐላዋን ይዛ መቃብር ገባች።

«ችግራችሁን አውቃለሁ» አለ ለመምህሩ። «የኋላውን ግማሹን ተውሁላችሁ። ግማሹን ቀስ እያላችሁ ትሰጡኛላችሁ።» መምህሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ልጁ ወደኔ ዞረ።

«አንቺስ ያ ኻልቲ፣ ስንት ወር አለብሽ?»

የገዛ ቤቴን ኪራይ ስንት ወር እንዳሳለፍሁ ነው የሚጠይቀኝ፤ ያውም አክስቴ ብሎ፣ በአክብሮት። ያን ሳምንት ከሻው በርትቶ ነበር። ከኔ ዛፍ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ተጭናለች፣ ማሰሮዋ እሳት ላይ እንደተጣደ ቀርቷል። የሐጃን ልጅ ጫማ ብቻ አያለሁ።

«እሷ ተከራይ አይደለችም» አለ ወታደሩ።

የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ገና ከሥራ መመለሱ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ድምፁን ሳይጨምር ቀጠለ። «እኔ በብዙ ከተማ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የሰው ጣራ የሚመርግ ተከራይ አላየሁም። ተከራይ ጣራው ሲያፈስ ባለቤቱን ይሰድባል እንጂ ዝባላ አያቦካም። ይቺ ሴት እበቱን አስመጣች፣ ለሠራተኞቹ ከኪሷ ከፈለች፣ ማዕዘኑ ሳስቷል እያለች ስትዞር ዋለች። ቤቱ የማን እንደሆነ እሷን ጠይቋት።»

ሼኹ መቁጠሪያውን ያዝ አደረገው። ልጁ ወረቀቱን አጠፈና ወደኔ ተጠጋ።

«እውነት ነው ያ ኻልቲ? እናቴ አደራ ያለባት ከሆነ ንገሪኝ። የሰው ገንዘብ ይዤ በመቃብሯ ላይ ልጨክንባት አልፈልግም።»

ደግሜ ደጋግሜ በሐሳቤ የማየው ይህን ጊዜ ነው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አዎን ብዬ አንድ ቃል ብናገር፣ ያ ሰው ከእናቱ ነፍስ ጋር እንዳይጣላ ሲል ቤቴን ይመልስልኝ ነበር። እኔ ግን የማየው ወታደሩን ነው። መታወቂያዬን የጠየቀ ሰው ነው። አሁን ደግሞ በሼኹ ፊት፣ ያልታደሰ ወረቀት ይዛ በሰው ስም መሬት የገዛች ሐበሻ ነኝ እንድል ያደርገኛል። ወዳጅ ይሁን ወጥመድ በምን ልወቅ?

«አይደለም» አልሁ። «ገንዘቡን የላከችው ሐጃ ናት። እኔ ተከራይ ነኝ።»

ልጁ እፎይ ያለ መሰለኝ። ወታደሩ ትንሽ አየኝና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ልጠይቀው ሳልደፍር የቀረሁትን ውዝፍ ኪራይ ሁሉ በልጁ እጅ ላይ አኖረለት። እኔም ገብቼ ከስኳሩ ቆርቆሮ ያለኝን አወጣሁ። የቀረውን በሚመጣው ወር ትሰጪኛለሽ አለኝ ልጁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ያዘ፣ ሞኟ ለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ ለኪራይ አንድም ቀን አልዘገየሁም። ልጁ ከኒው ሀልፋ ሲመጣ ሻይ አፈላለታለሁ፤ እሱም ለመምህሩ ሚስት «ሁሉም ተከራይ እንደሷ ቢሆን» ይላታል። ይህን ሲል እስቃለሁ። ሴትዮዋም ከኔ ጋር አድማ መምከሯን ተወች፣ ባለቤት አፍቃሪ ሆንሽ እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ማታ ስተኛ ጣራውን ነው የማየው።

ዓመቱ ዞሮ ሙቀቱ ጣራውን ሰነጣጠቀው። ለልጁ ስልክ አስደወልሁ፤ «ኢንሻአላህ» አለ። ደግሜ አስደወልሁ፣ ኢንሻአላህ አለ። ክፋት አይደለም፣ ሩቅ ያለ ሰው የሰማዩን ፊት አያይም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ እናት አልጋ ራሰ። በኔ ክፍል ማዕዘኑ እንደ በሰለ ድንች ተፈረካክሶ ውሃው ከነጭቃው ወረደ። ሳህን ደቀንሁለት። ሳህኑ ሲሞላ ደፍቼ መልሼ ስደቅን፣ አንድ ነገር ቁርጥ ሆኖ ገባኝ፦ ቤቴን ሰው ወስዶብኝ ይሆናል፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሲቀልጥ ላየው ነው። ፈርቼ ተውሁት፤ አሁን ከነጭራሹ ሊፈርስ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄኛው ሆነ።

ዝናቡ ጋብ እንዳለ ከብት ተራ ሄጄ እበት በአህያ ጋሪ አስጫንሁ። በሩ አጠገብ ከጭቃ ጋር አቦካሁት። ሲደርስ ሠራተኛ አልቀጠርሁም፣ ገንዘቡ ለኪራይ ሄዷል። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጥሬ፣ መሰላል ተውሼ፣ ባልዲ እየሳብሁ ብቻዬን ወጣሁ። ጣራው ላይ ሆኜ ሰፈሩ ሁሉ ይታየኛል፤ እኔም ለሰፈሩ ሁሉ እታያለሁ። ማንም ልብ የማይላት ሻይ ሻጭ መሆኔ ቀረ። ዝባላውን በእጄ እየዳበስሁ ማዕዘኑን መረግሁት፣ ወፈር አድርጌ።

የመምህሩ ሚስት ከታች ሆና እጇን ለዓይኗ ጥላ አድርጋ ታየኛለች።

«ያ ኡኽቲ፣ አብደሻል? የሰው ጣራ ምን አገባሽ? ባለቤቱ መጥቶ ይሥራው።»

«የሰው አይደለም» አልኋት። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ወጣ፣ ማዶ ያሉት ሴቶችም ቀና አሉ። «የኔ ነው። በገንዘቤ የገዛሁት የኔ ቤት ነው።»

ሴትዮዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወታደሩ ከክፍሉ ወጣ። ሸሚዙ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ በካናቴራ ሆኖ ከመሰላሉ አጠገብ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መልሼ ልውጠው አልችልም። ዝባላው በጣቶቼ መሃል ይንጠባጠባል። ወታደሩ መሰላሉን በአንድ እጁ ያዘ፤ እንዳይወድቅ ይሁን እንዳልወርድ አላወቅሁም። ለመውረድ ስለፈራሁ የመምህሩን ጣራ መምረግ ጀመርሁ።